ኩፍ ያላለው ዳቦዬ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሰው በብዙ ነገር ይታማል። ዕዳውን ባለመክፈሉ ይታማል፣ የጎረቤት አጥር በመግፋቱ ይታማል፣ ቡና ጠርቶ ቁርስ ባለማቅረቡ ይታማል። ይኼ ሁሉ ግን ያልፋል። የማያልፈው ዳቦው ሊጥ የሆነበት ሰው ሐሜት ነው። በእገሊት ልጅ ክርስትና ላይ የተቆረሰው ድፎ መሀሉ አልበሰለም ነበር ተብሎ ይጀመርና፣ ልጁ አድጎ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ እንኳ ወሬው አብሮት ይዞራል። እኔ እንግዲህ በዚህ ከተማ ውስጥ ነው አውቄ፣ በገዛ ገንዘቤ፣ ኩፍ የማይል ዳቦ ልጋግር የተነሣሁት። ብራውኒ ይባላል።

ሐሳቡ የመጣብኝ በሁዳዴ ነው። የጾም ነገር ይታወቃል፤ ሰው በአንድ እጁ ሽሮ እየጠቀለለ በሌላ እጁ ስልኩ ላይ ኬክ ያያል። አንዲት ሴትዮ ጥቁር ነገር ከኦቨን አውጥታ በቢላ ስትከፍለው ላዩ እንደ ስስ ወረቀት ስንጥቅጥቅ ሲል፣ ውስጡ ደግሞ እንደ ማር ሲለጠጥ አየሁ። ምራቄን ዋጥኩ። ይቅር በለኝ አልኩና አሠራሩን በወረቀት ገለበጥኩ። 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ 150 ግራም ቅቤ፣ 250 ግራም ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ 100 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት ማንኪያ ካካዎ፣ ቁንጥር ጨው። ቅቤና እንቁላል ያለበት ነገር በእኛ ቤት ቀጠሮ ይፈልጋል። ሁዳዴው 55 ቀን ነው፤ ከዚያ ውጭ ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ። ስለዚህ በዓለ ሃምሳን መረጥኩ። ያን ጊዜ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ሰው ለሠርግ ቀን እንደሚቆርጠው ለብራውኒ ቀን ቆረጥኩ።

ቸኮሌቱን ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላከልኝ። መራዊን፣ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን አልፎ እስኪደርስ ሾፌሩ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር አስቀምጦት ኖሮ፣ ቀልጦ፣ እንጅባራ ብርድ ላይ መልሶ ረግቶ፣ የሾፌሩን መነጽር ቅርጽ ይዞ መጣ። ምንም አይደለም፣ መቅለጡ አይቀርለትም ብዬ ተቀበልኩ።

ዱቄቱን ከሰፈራችን ሱቅ ልገዛ ሄድኩ። "መቶ ግራም የፉርኖ ዱቄት" አልኩ።

ባለሱቁ ለአፍታ አየኝና "ለማጣበቂያ ነው?" አለኝ።

"ለዳቦ ነው።"

"የማን ዳቦ?"

ይኼን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩትም። ሚዛኑ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ድንጋይ ስላልነበረው አንድ ኪሎ ሸጠልኝ። ምርጫ ሰጥቶኝ አይደለም።

የቅቤው ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ ጦር ሊያማዝዝ ነበር። ወረቀቴ የሚለው የገበታ ቅቤ ነው። እማዬ ይኼን ስትሰማ "ጎጃም ተወልደህ ቅቤ ከሱቅ ትገዛለህ?" ብላ ከጓዳ ቅሏን ይዛ መጣች። ኮሰረት፣ ኮረሪማና እርድ ገብቶበት የተነጠረ ነው። ክዳኑን ስትከፍተው ክትፎ ትዝ አለኝ። "እማዬ፣ ይኼ ለወጥ ነው፤ ቸኮሌት ከኮሰረት ጋር አይተዋወቅም" አልኳት። "ይተዋወቁዋ!" አለች። በብዙ ሽምግልና ቅመም ያልነካው ለጋ ቅቤ ላይ ተስማማን። ስኳሩን ስሰፍር ግን ምንም ሽምግልና አልሠራም። ሩብ ኪሎ ስኳር ለአንድ ሳህን! እማዬ ቆማ አየችኝ፣ ቆጠረች፣ ለስንት ቡና እንደሚበቃ አሰበች፣ ከዚያ "ሠርግ አለ እንዴ?" አለችና ወጣች።

ስለ ኦቨናችን ትንሽ መናገር አለብኝ። እኅቴ ከዓረብ አገር የላከችው ነው። ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ጋግሮ ግን አያውቅም። በላዩ ዳንቴል ለብሷል፤ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ቆሟል፤ ሆዱ ውስጥ የእድር ደብተር፣ የእኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት፣ ስድስት የእንግዳ ብርጭቆና የቤታችን ካርታ አሉ። አስቀድመህ ወደ 175 ዲግሪ አሙቀው የሚለውን አንብቤ ቁልፉን ከጠመዘዝኩ በኋላ ነው ካርታው ትዝ ያለኝ። እማዬ እስካሁን ድረስ ይኼን አታውቅም። ጠርዙ ለምን ቡና ዓይነት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ አርጅቶ ነው።

ቸኮሌት በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ድስት ውስጥ ውኃ ታፈላለህ፣ በላዩ ጎድጓዳ ሳህን ታስቀምጣለህ፣ በእንፋሎቱ ቀስ እያለ ይቀልጣል። በዚህ በኩል ከተማችን ትረዳለች። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃችን 100 ዲግሪ ድረስ አይቆጣም፤ 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ባቄላ ለመቀቀል መከራ ነው፣ ለቸኮሌት ግን ጥሩ ነው። እንዲያውም እንዴት አምሮ ቀለጠልኝ! ፊትህን የምታይበት መስታወት ሆነ። ዞር ብዬ እንቁላል ልሰብር ስል እማዬ መጣች። ወጥ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር እየጠቆረ መሆኑን ያየች እናት የምታደርገውን አደረገች፤ "ታሳርረዋለህ እኮ!" አለችና እንደ ቁሌት ውኃ ጠብ አደረገችበት።

ለማታውቁ፣ ለቀለጠ ቸኮሌት ጥቂት ውኃ ጠላቱ ነው። የቀለጠ ቸኮሌት ላይ ጥቂት ጠብታ ካረፈ ስኳሩና ካካዎው ውኃዋን ተሻምተው እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ መስታወቱ ወዲያው የረጋ ሽሮ ይሆናል። የሚገርመው መድኃኒቱም ያው ውኃ መሆኑ ነው፣ ትኩስ ሆኖ ትንሽ በዛ ሲል። እኔ ከጀበናው የዘጌ ቡና ሁለት ማንኪያ ገለበጥኩበት፤ ተፈታ። ቡና የቸኮሌትን ጣዕም ያጎላዋል፣ ስለዚህ ጥፋቱ በአንድ በኩል በጀኝ። እማዬም "ውኃ ነበር የጎደለው፣ አላልኩህም?" አለች።

እንቁላሉንና ስኳሩን በደንብ መታሁ። ያ የሚሰነጠቀው ስስ ቅርፊት የሚመጣው ስኳሩ በእንቁላሉ ውስጥ ሲሟሟ ነው፣ እዚህ ላይ መስነፍ የለም። ሦስት የሚለውን አራት አደረግሁት፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ነው። ዱቄቱን ጨምሬ ለስሙ ያህል ብቻ አዋሕጄ ተውኩት፤ ባሻሹት ቁጥር ዳቦ ዳቦ ይላል። እማዬ በር ላይ ቆማለች። "እርሾውስ?" አለች። "የለውም።" "ቤኪንግ ፓውደሩስ?" "የለውም።" "እና በምን ኩፍ ይላል?" "ኩፍ አይልም እማዬ።" ዝም አለች። እንዲህ ያለውን ዝምታ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ዲፓርትመንት ልቀይር ነው ያልኳት ቀን ነው።

ኦቨን ውስጥ በገባ በ12ኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። ገና 25 ደቂቃ ነበር የሚፈልገው። እኔ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ፣ እማዬ ግን ለካ ዕድሜ ልኳን ለዚች ቀን ስትዘጋጅ ነው የኖረችው። ማድቤት ገብታ ፍም አበጀች፣ ምጣዱን ጣደች፣ ሳህኔን አስቀመጠች፣ በላዩ ብረት ምጣድ ደፋችና ፍሙን ጫነችበት። ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት። የድፎ ሥርዓት። "ኮባ ላልብሰው?" አለች፤ ያን ብቻ ለመንኳትና ተወች። ትንሽ ቆይታ ስንጥር ወጋችበት። ስንጥሩ እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ወጣ። እኔ "በቃ፣ በስሏል! አውጪው!" ስል እሷ "ኧረ ባክህ፣ ሊጥ ነው!" ስትል፣ ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ብራውኒ ስንጥሩ ደርቆ ከወጣ አልፎበታል ማለት ነው።

ችግሩ ሽታው ነው። ቅቤና ቸኮሌት በፍም ላይ ሲሸት አጥር አያግደውም። መጀመሪያ የአጥር ጎረቤታችን እትዬ መጡ፤ ስማቸውን ብጠራ ነገ ቡና ስለማይጠሩኝ ይቅርብኝ። ከዚያ ሦስት ሴቶች፣ ከዚያ ዘጠኝ ይሁኑ አሥር ሕፃናት፣ በመጨረሻ ደግሞ መሪጌታ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ወረቀቱ 16 ቁራጭ ይወጣዋል ይላል። የቤት እመቤት የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ለሰው አቅርባ የማታፍርበት አገር ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ሌላም ነገር ይላል፦ ሳይቆረጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ቡናው ተወቅጦ፣ አቦሉ ተቀድቶ፣ መሪጌታ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ ልበል?

መሪጌታ ተነሡ። ሳህኑን አማተቡ፣ አባታችን ሆይ ደገሙ፣ እናቴን መረቁ፣ እኔን "ትዳር ይስጥህ" አሉ፣ ቢላውን አንሥተው ቆረሱ። ቢላው ገባ። ሲወጣ ግን ግማሹን ይዞ ወጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች።

"አይዞህ ልጄ" አሉ እትዬ። ነጠላቸውን አላዘቀዘቁትም እንጂ ድምፃቸው የለቅሶ ቤት ነበር። "የምጣድ ማሟሻ ነው። በሁሉም ቤት ያለ ነው።"

"አይ እትዬ፣ እንዲህ ነው የሚሆነው። አልተበላሸም" አልኩ።

"እሽ" አሉ፣ ኀዘንተኛ ሲዘባርቅ እንደሚባለው እሽ።

"እኔም የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁ ጊዜ ሊጥ ሆኖብኝ ነበር" አለች አንዷ ከዳር። "ግን እንዲህ አልጠቆረም።"

መከራከር ጀመርኩ። ብራውኒ ማለት ይኸው ነው፣ ጠፍጣፋ፣ እርጥብ፣ መሀሉ ረባዳ አልኩ። አላመኑኝም። ስለዚህ ታሪክ አመጣሁ። በፈረንጆች 1893 ቺካጎ ውስጥ ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ነበር፣ በርታ ፓልመር የተባለች የሆቴል ባለቤት ሚስት ለሴት እንግዶች ከምሳ ጋር በሣጥን የሚያዝ ትንሽ ጣፋጭ ሥሩልኝ ብላ የፓልመር ሀውስ ሆቴል ጋጋሪዎችን አዘዘች ይባላል፣ አልኳቸው። መሪጌታ ጆሯቸውን አቀኑ። "በእኛ ስንት ይሆናል?" "1885 ግድም።" "እንግዲያ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ ነዋ! ንጉሡ እዚሁ ማርቆስ ሳሉ!" ደስ አላቸው። ትንሽ አሰቡና "በእሳቸው ግብር ላይ እንዲህ ያለ ዳቦ ቢቀርብ ጋጋሪዋ ወዴት ትገባ ነበር?" አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን አፌ አያርፍም፤ ሌላም ተረት አለ ብዬ፣ አንድ ጋጋሪ ኬክ ሲሠራ ቤኪንግ ፓውደር ረስቶ፣ ሳይነፋ ቀርቶ፣ በዚያው ብራውኒ ተባለ የሚባለውንም ጨመርኩ።

እትዬ ጉልበታቸውን መቱ። "በሉ እንግዲህ! ራሱ ፈረንጁም ተበላሽቶበት ነው!"

ክርክሩ እዚያ ላይ ተዘጋ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እማዬ እንኳ ፊቷ ፈታ አለ፤ ጥፋቱ ከቺካጎ የመጣ እንጂ ከእኛ ጓዳ የወጣ አይደለማ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አያወራውም፣ ስለዚህ እኔ ላውራው። ሊያጽናኑኝ የመጡት ሰዎች አንዳንድ ቁራጭ አነሡ። ለቅሶ ቤት የቀረበ አይመለስም። ሁለተኛ አነሡ። ሕፃናቱ ሊጡ የተመታበትን ዕቃ ይዘው ጓሮ ገብተው ነበር፤ ዕቃው ሲመለስ መታጠብ አላስፈለገውም። አንዷ ሴት "እንዲያው አንጀቴ አልቻለም፣ ልጁ ለፍቷል" እያለች አራተኛዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። መሪጌታ ጢማቸው ላይ ቸኮሌት ይዘው ብዙ ካላመጡ በኋላ ፍርድ ሰጡ፦ "ቅኔ ቢሆን ምሥጢሩ ጥሩ ነው። ቤቱ ነው የጎደለ።" ዋሸራ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንዲህ ካለ ምን ይባላል? በረካው ሳይቀዳ ሳህኑ ባዶ ሆነ። እኔ ራሴ የቀመስኩት ጠርዙ ላይ የቀረችውን ነው። ከቡናው ይሁን ከፍሙ ጭስ እንጃ፣ ስልክ ላይ ካየኋት ሴትዮ የሚያስበልጠኝ መሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የእትዬ ትንሽ ልጅ በር አንኳኳች። በሁለት እጇ ኩባያ ይዛለች፣ በላዩ ቅጠል ተከድኗል። ገለጥ ሳደርገው ኮምጠጥ ያለ ሽታ መጣ። እርሾ ነው።

"እማዬ፣ ለዚያ ለታመመው ዳቦ ነው በይው ብላኛለች" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ስትጋግር ግን እንዳትጨምረው" አለችኝ።