ፊቱ የከተማው፣ ጓሮው የባለቤቱ

እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ያለውን ሮያል ክሬሰንት ከሜዳው ማዶ ሆኖ የሚያይ ሰው አንድ ግዙፍ ቤተ መንግሥት ያየ ይመስለዋል። 30 ቤቶች ናቸው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በግማሽ ክብ የተደረደሩ። ጆን ዉድ ትንሹ በ1767 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) አስጀምሮት በ1770ዎቹ አጋማሽ አለቀ። ዉድ የነደፈው ግን ፊቱን ነው፤ ባለ 114 ዓምዱን የድንጋይ ፊት። ገዢው ከዚያ ላይ ድርሻውን ወስዶ የኋላውን በራሱ ግንበኛ እንደ አቅሙ ያሠራ ነበር። በጓሮ በኩል ዞር ብላችሁ ብታዩ ሌላ ሰፈር ነው፦ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ወደ ውጭ ገፋ ያለ። እኔ የወደድኩት ጓሮውን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለመንገደኛ የምናሳየው አጥርና የብረት በር ነው፤ ያማረው ቤት ውስጥ ተደብቋል።

የእንግሊዙ ቤት ፊቱ ጠባብ ስለሆነ የዚያ ዘመን ኑሮው ወደ ላይና ወደ ታች ነበር። ማድ ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ ከሰሉ ከእግረኛው መንገድ ሥር ይከማች ነበር። እንግዳ ይቀበሉ የነበረው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ረጃጅሞቹ መስኮቶችም እዚያ ናቸው። ከዚያ በላይ መስኮቱ እያጠረ ይሄድና ጣሪያ ሥር ሠራተኞቹ ጋ ይደርሳል። ውጭ ቆሞ መስኮት በመለካት ብቻ ጌታና ገረድ የት የት ያድሩ እንደነበር መለየት ይቻላል። ያንን ሁሉ ደረጃ ከሰልና ውሃ ተሸክማ የምትወጣው ደግሞ ገረዷ ነበረች። እኛ ሰርቪስ ቤት አለን። መሬት ስለነበረን ሠራተኛዋን ወደ ጓሮ ገፋናት፤ እነሱ መሬት ቢጠባቸው ጣሪያ ሥር ሰቀሏት።

(ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው እዚሁ ባዝ የገዙት ፌርፊልድ ግን ተያያዥ ቤት አይደለም፤ በአትክልት መካከል ለብቻው የቆመ ቪላ ነው። ሐበሻና ግቢ!)

ፊቱ የጋራ ነው ሲባል ታዲያ ጭቅጭቅ የለም ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ ቁጥር 22 ይኖሩ የነበሩ ሴት የጎረቤቶቻቸው በር ነጭ ሆኖ ሳለ የራሳቸውን ቢጫ ቀቡት። የከተማው አስተዳደር ወደ ነጭ መልሱ ቢላቸው አሻፈረኝ አሉ። ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ሄዶ ተመረመረና ረቱ። ለአንድ በር ቀለም!

አዲስ አበባም ሰሞኑን ፊቷን አንድ ማድረግ ይዛለች፤ በየአውራ ጎዳናው ዳር ያሉ ሕንፃዎች ግራጫ ተቀብተዋል። ቀለሙን አልጠላሁትም። ግራጫው አልስማማኝም ያለ ባለ ሱቅ ወዴት አቤት እንደሚል ስጠይቅ ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።