ማስተካከያ፦ የሒሉክስን ፊት ለማንሳት ስለሚገባው ስፔሰር

ባለፈው የቶዮታ ሒሉክስ ፒካፕን ፊት ከፍ ስለማድረግ ስጽፍ ተሳስቻለሁ። «ፊቱን 5 ሳንቲ ሜትር ማንሳት የፈለገ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፔሰር ከሞላው አናት ላይ ያስገባ» ብዬ ነበር (ስፔሰር ማለት መኪናውን ከፍ ለማድረግ የሚገባ ወፍራም ቀለበት ነው)። ልክ አይደለም፤ ይቅርታ።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በወጡት ሒሉክሶች ሞላውና አሞርዛተሩ (ንዝረት የሚያበርደው) አንድ ላይ ሆነው የታችኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) መሃል አካባቢ ነው የሚያርፉት። ጎማው ደግሞ ከአርሙ ጫፍ ነው። ስለዚህ አናት ላይ የገባው ውፍረት ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ እጥፍ ይጠጋል። 5 ሳንቲ ሜትር ለማንሳት 2.5 ገደማ ይበቃል። ይህን ያገኘሁት ከዕቃው አምራቾች የመግጠሚያ መመሪያ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥም በሜትር ለክተን አይተነዋል።

ባለ 5ቱን ያስገባ ሰው መኪናው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይነሳበታል። ይሄ በጣም ብዙ ነው። ሲቪ ጆይንቱ (ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ) ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ቶሎ ይቀደዳል፣ ግሪሱም ይፈሳል። የላይኛው ቴስቲና (የአርሙ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) የመታጠፊያው መጨረሻ ላይ ይደርሳል። አላይመንቱም (የጎማዎቹ አቅጣጫ) አልስተካከል ይላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጭነት ይዞ በእንዲህ ዓይነት መኪና መውረድ ያስፈራኛል።

ባለ 5ቱን ገዝታችሁ ከሆነ አታስገጥሙት። ያስገጠማችሁ ደግሞ ረጅም መንገድ ሳትወጡ አስወጡትና አላይመንት አሠሩ።

የድሮዎቹን ባለ ቶርሽን ባር (በፊት ሞላ ፈንታ የሚጠመዘዝ ብረት ያላቸውን) ፎር ባይ ፎር ሒሉክሶች ይሄ አይመለከታቸውም፤ እነሱ የሚነሱት ቡሎን በማጥበቅ ነው።