ፍራንኪ ናክልስ የቺካጎ ተወላጅ አይደለም

ወንድሜ ከዲጄው ፍራንኪ ናክልስ ጋር የተነሳኸው የድሮ ፎቶ በጣም ነው ያስቀናኝ፣ ሰውዬው እኮ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ካረፈ በኋላ እንዲህ አይነት እድል የለም። ግን ከስሩ "የቺካጎ ተወላጅ፣ ዌርሃውስ ክለብ ውስጥ በ909 ድራም ማሽን ሀውስን የፈጠረ" ብለህ የጻፍካት ሁሉም የሚቀባበላት ተረት ናት (ሀውስ ማለት የኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ ነው፣ ድራም ማሽን ደግሞ የከበሮ ምት የሚያወጣ መሳሪያ)። ፍራንኪ የኒውዮርክ የብሮንክስ ልጅ ነው፣ ቺካጎ የሄደው በ1977 ዌርሃውስ ላይ እንዲያጫውት ተጠርቶ ነው። እዛ ያጫውት የነበረውም በብዛት ዲስኮ፣ የፊላደልፊያ ሶል፣ ከአውሮፓ የሚመጣ የሲንተሳይዘር (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ሙዚቃ ምናምን ነው፣ ችሎታው ያለው ዘፈኑን ሪል ቴፕ ላይ ቆራርጦ እየቀጠለ ህዝቡ የሚያብድባትን ቦታ ማስረዘሙ ላይ ነበር (ለኔ ይሄ ከማሽኑ በላይ ይገርመኛል)። ሮላንድ የሚባለው ኩባንያ የሰራት 909 ደግሞ የወጣችው በ1983 ነው፣ እሱ ዌርሃውስን የለቀቀው በ1982፣ እንዴት ሆኖ ይገጥማል? ማሽኗን ከዲትሮይቱ ሙዚቀኛ ዴሪክ ሜይ ገዝቶ የተጠቀመባት ከዛ በኋላ ፓወር ፕላንት በሚባለው በራሱ ክለብ ነው። የመጀመሪያ የሀውስ ሸክላ እየተባለ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውም የሱ ሳይሆን በ1984 የወጣው የዲጄ ጄሲ ሳንደርስ ነው። ጽሁፉን አስተካክላትና ፎቶውን ግን እንዳታነሳው፣ ደግሞ የት ክለብ ነው የተነሳችሁት?