የጅማ ሰዎች፣ «በሞቴ» ማለቱን ቀንሱ

የአገሬ ሰዎች፣ እንግዳ ተቀባይነታችንን ማንም አይክደንም። ጎረቤት ሳይጠሩ ቡና መጠጣት ነውር በሆነበት ከተማ ነው ያደግነው። ነገር ግን በዚሁ ደግነታችን የምናስጨንቃቸው ሰዎች አሉ፤ ኦቲዝም ይዘው ያደጉ ጎልማሶች ናቸው፤ ዝም ብል ኅሊናዬ አያርፍም።

ኦቲዝም ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የማይናገር ሕፃን ብቻ ነው። ሕፃኑ ግን ያድጋል። ኦቲዝም አብሮ የሚወለድ የአእምሮ ልዩነት ነው፤ እርግማንም አይደለም፣ የአሳዳጊ ጥፋትም አይደለም። አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ የተማሩ፣ አግብተው የወለዱም አሉበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲስቲክ እንደነበረ ይገምታል። በየዕድራችን፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ አሉ ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ሳይታወቁ ኖሩ? በእኛ ዘንድ የሰው ዓይን የማያይ፣ አንገቱን ደፍቶ ጥግ የሚቀመጥ ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ይመረቃል። ሴት ልጅ ስትሆንማ ምርቃቱ እጥፍ ነው። ያው ልጅ አድጎ በዚያው ጠባዩ ሲቀጥል ግን «ኩራተኛ»፣ «ሰው አይወድም» ብለን እናማዋለን።

የማውቃት አንዲት እናት አለች። ልጇን ስታስመረምር ሐኪሙ የሚጠይቃት ሁሉ፣ ከሸሚዙ አንገት ላይ የተሰፋችው ምልክት ታስለቅሰዋለች ወይ እስከሚለው ድረስ፣ የራሷ ልጅነት ሆነባት። ኋላ እሷም ተመረመረች። መጀመሪያ እፎይ አለች። ከዚያ «አመለኛ» እየተባለች የኖረችበት ዘመን ሁሉ ትዝ እያላት አለቀሰች። ይህን ለቤተሰቧ ብትነግር «ኧረ ተይ፣ አንቺ ምን ጎደለሽ?» አሏት። ቀጥሎ ጋኔን እናስወጣልሽ ተባለ። ጸሎትና ዱዓ መልካም ነው፤ ሰውን በቁሙ ጋኔን አለበት ማለት ግን በደል ነው። ወሬውማ በሳምንቱ መንደሩን አዳረሰ።

እስቲ በቡና ሰዓት አጠገቧ ተቀምጣችሁ እዩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ከደጅ ባጃጁ ጥሩምባ ይነፋል። እኛ አንዱን ሰምተን ሌላውን እንተወዋለን፤ እሷ ጋ ሁሉም እኩል ይገባል። የምትናገረውን አስቀድማ አጥንታ፣ ሌሎች ሲስቁ አይታ እየሳቀች፣ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች አቦሉን ትጨርሳለች። ልትነሳ ስትል «በሞቴ፣ በረካውን ሳትጠጪ?» ተብላ ትያዛለች። ጉርሻው ይከተላል። የሰው እጅ ወደ አፏ ሲቀርብ ትከሻዋ እንዴት እንደሚሸማቀቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ማታ ልጆቿን ለማናገር እንኳ አቅም አይተርፋትም። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሲያስመስል የኖረ ሰው አንድ ቀን ከሥራም ከቤትም የሚያወጣ ድካም ቢጥለው ምን ይደንቃል?

አሁን ራሷን ስላወቀች ከአቦል በኋላ ተሰናብታ ትሄዳለች። ሠርግ ስትጠራ ከድንኳኑ ውጭ ትቀመጣለች። «ካወቀች ወዲህ ባሰባት» የምትሉ፣ እፈሩ! ማስመሰሉን ስለተወች ነው እንጂ ድሮም እንዲሁ ነበረች።

የጆይ ኦቲዝም ማዕከል መሥራች ዘሚ የኑስ የልጃቸውን ነገር አደባባይ በማውጣታቸው ስንቱ ወላጅ ልጁን ከጓዳ አወጣ! ኦቲዝም ላለባቸው ጎልማሶች ግን ገና አፋችንን አልሰበሰብንም። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ወደዚያ የገባውን ሰው እየቆጠራችሁ አታውሩ። አሠሪዎች፣ ሥራውን በቃል እየወረወራችሁ «አልገባህም እንዴ?» ከማለት በጽሑፍ ስጡት። የመርካቶ ባለሱቆች፣ ሞንታርቦውን ወደ መንገድ አታዙሩ። የዕድር ዳኞች፣ ለቅሶ ቤት መቀመጥ ያቃተውን አትቅጡ፤ ድንኳን መትከሉን ወይም መዝገብ መያዙን ከፈቀደ ስጡት። ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ አንሡትና በቃለ ጉባኤ ይያዝ።