ያለ ካርቶን ስልክ ለምትገዙ ወገኖቻችን

የባሕር ዳር ወገኖቻችን! ጣና ዳር ስትናፈሱ፣ ባጃጅ ውስጥ ወይም በጥምቀት ግርግር ስልካችሁ ሲሰረቅ «አምራቹ የት እንዳለ ያውቃል፤ ለምን አይነግረንም?» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ስልክ ሠሪ ገንዘቡን ተቀብሎ ዘወር ማለት የለበትም። ነገር ግን «ተሰረቅሁ» ላለ ሁሉ ቦታውን ቢናገር ሸሽታ ያመለጠችውን ሚስቱን የሚያሳድድ ባልም በዚያው በር ይገባል። ከአምራች የሚጠበቀው ሌባው ሊሸጠው የማይችል ስልክ መሥራት ነው። ይህን ደግሞ በከፊል ሠርቷል፤ አይፎን ከ2013 እ.ኤ.አ.፣ አንድሮይድ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውስጡ ቢደመሰስም የቀድሞ ባለቤቱን አካውንት ካላገኘ አልከፈትም የሚል መቆለፊያ አላቸው። ካሊፎርኒያ እንዲያውም ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሚመረቱ ስልኮች በሕግ አስገድዳለች።

መቆለፊያውን የምናበላሸው እኛው ነን። አዲስ ስልክ ገዝታችሁ «ጂሜይል ክፈትልኝ» ብላችሁ ለሻጩ ትሰጡታላችሁ። ሻጩ ወረፋ አለበት፤ የመጣለትን ስምና የይለፍ ቃል መትቶ ይመልስላችኋል፣ እናንተም አትጠይቁም። ስልኩ የተሰረቀ ቀን ከሌላ ስልክ ገብታችሁ ልትቆልፉት ስትሞክሩ የራሳችሁን ጂሜይል አታውቁትም! ፓተርን ሲጠፋባችሁም እኛ ስልክ ጠጋኞች ዘንድ መጥታችሁ «ጂሜይሉን አጥፉልኝ» ትላላችሁ። ንጹሕ ሰው በየቀኑ ይህን ስለሚጠይቅ ጂሜይል ማስጠፋት እንደ ስክሪን መቀየር ተራ ሥራ ሆነ። ሌባው በእናንተ መሐል ተሰልፎ ያስጠፋል። በምን እንለየው? እሱ ደረሰኝ የለውም፤ እናንተም ደረሰኙን ጥላችሁታል።

ስለዚህ ጂሜይላችሁን ራሳችሁ ክፈቱ። ፒን ወይም ፓተርን አድርጉ፤ ያለዚያ የአንድሮይዱ መቆለፊያ ሥራ አይጀምርም። ጎግል የሚሰጣችሁን 10 የመጠባበቂያ ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው ባለ 8 አሃዝ ናቸው፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሌላ ስልክ ወደ ጂሜይላችሁ ስትገቡ ማረጋገጫው በመልእክት የሚላክ ከሆነ የሚደርሰው ሌባው ኪስ ባለው ሲማችሁ ላይ ነውና። *#06# ደውላችሁ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥርም (በባለ ሁለት ሲም ሁለት ነው) ከደረሰኙ ጋር ቤት አኑሩ።

ያገለገለ የምትገዙ፣ ዋጋው ቢረክስም ካርቶን ሳታዩ አትክፈሉ። የ*#06# ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ካልገጠመ ተዉት። ሻጩ አካውንቱን እፊታችሁ ያውጣ፣ ከዚያ ሪሴት ያድርግ፣ ኢንተርኔት አገናኝታችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ ግቡ። በባይፓስ (መቆለፊያውን በማታለል) የተከፈተ ስልክ ዛሬ ይሠራል፤ ሌላ ቀን ሪሴት ወይም አፕዴት ሲደረግ የድሮ ባለቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ ገንዘባችሁም ስልኩም የለም።

ከተሰረቃችሁ በመጀመሪያ ከሌላ ስልክ ወደ አካውንታችሁ ገብታችሁ ቆልፉት፤ ቀጥሎ በ994 የኢትዮ ቴሌኮም ሲሙን፣ በ127 ቴሌብሩን አዘጉ፤ ከዚያ ካርቶንና ደረሰኝ ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ስልኩን ስትፈልጉ ካርታ ላይ የምታዩት ክብ ብዙ ቤቶችን ሊሸፍን ስለሚችል ብቻችሁን የሰው በር አታንኳኩ። «ስልክዎ ተገኝቷል» የሚል መልእክት ከነማስፈንጠሪያው ቢመጣ የላከው ሌባው ሊሆን ይችላል፤ የይለፍ ቃላችሁን አታስገቡ። ተስፋ ቆርጣችሁም አይፎኑን ከአካውንታችሁ አታውጡት፤ ያወጣችሁት ቀን መቆለፊያውን ራሳችሁ ፈታችሁለት ማለት ነው።