የኤሲ የውጪ ዩኒት በተዘጋ በረንዳ አይገጠምም
«ክረምቱ እንዳያበላሸው የኤሲውን የውጪ ዩኒት በመስታወት በተዘጋ በረንዳ ውስጥ ግጠሙት» የሚል ምክር እዚህ ሲደጋገም አየሁ። ለንብረት ከማሰብ ነው፤ ይገባኛል። ግን ስህተት ነው።

ዩኒቱ ዝናብ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። የማይችለው መታፈንን ነው። ከቤት የወሰደውን ሙቀት ወደ ውጪ ይተፋል። በረንዳው ከተዘጋ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ያኔ በኤሲው ቱቦ ውስጥ የሚዞረው የማቀዝቀዣ ጋዝ ግፊቱ ይጨምራል፣ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል) ይግላል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ቤቱም በደንብ አይቀዘቅዝም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ከቆላው ያንሳል።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ በረንዳችሁን ራሳችሁ ፈትሹ። ኤሲው ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ቴርሞሜትር ከዩኒቱ ጀርባ፣ አየር በሚስብበት በኩል አስቀምጡ። ከዚያ ውጪ ጥላ ላይ ለኩ። የጀርባው በብዙ ከበለጠ ዩኒቱ ታፍኗል፤ መስታወቱን ክፈቱለት።