እርማት፦ የጠራ ፈሳሽ ሁሉ ውሃ አይደለም

ወንድሜ፣ እናትህ ጉበት ላይ ስለወጣው ውሃ የቋጠረ እብጠት ስትጽፍ «ሲከፈት ፈሳሹ ከጠራ ተራ ውሃ ነው፣ ምርመራ አያስፈልገውም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ስህተት ነው። የሃይዳቲድ ሲስት፣ ማለትም የአንድ የውሻ ትል እጭ የሚሠራው ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ፈሳሹ ብዙ ጊዜ የምንጭ ውሃ ይመስላል። ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ግን ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ፣ አዲስ ሲስትም ሊዘራ ይችላል።

የምሠራው ጥቁር አንበሳ አካባቢ ባለ ላቦራቶሪ ነው። ሕመምተኛው ገና ኦፕራሲዮን ላይ እያለ ፈሳሹ በሲሪንጅ ይመጣልናል። ሴንትሪፉጅ ውስጥ እናዞረዋለን። ከሥር አሸዋ የመሰለ ዝቃጭ ይቀራል። ከሱ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ። ክብ ሠርተው የተደረደሩ ጥቃቅን የእጭ መንጠቆዎች ከታዩ አለቀ፣ ያ ትል፣ ኤኪኖኮከስ ነው። ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ቀለም መቀባት እንኳ የግድ አይደለም።

መንጠቆ ካልታየስ? ሕመምተኛው ነጻ ነው ማለት አይደለም። እጭ የሌለው ሲስት አለ። ስለዚህ የከረጢቱ ግድግዳ ለፓቶሎጂ (ለሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ይላካል።

ደግሞ «ቁርጥ ስለሚወዱ ነው» ያልከውን ተወው፣ እናትህን አትውቀሳቸው። ጥሬ የበሬ ሥጋ የሚያመጣው ኮሶ ነው። ይሄኛው የሚመጣው ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር በሚወጣ እንቁላል ነው፤ በእጅ ወይም ባልታጠበ አትክልት በኩል።